ከምግብ ተረፈ ምርት ስለሚሠሩ የቁስል መሸፈኛዎች፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ልጣጭ፣ ቅርፊትና የዓሣ ቆዳ ወደ ቁስል መሸፈኛነት ስለሚለወጡበት መንገድ የምትጠይቁትን ዛሬ እመልሳለሁ። ሥራዬ በዋናነት ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት በሚወጣው ካይቶሳን ላይ ስለሆነ በሌላው ጉዳይ መልሴ ቢያጥር ቅር አይበላችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ የምንነጋገረው ተጣርቶ፣ ተለክቶና ከጀርም ነጻ ሆኖ ስለተዘጋጀ ቁስ ነው። ከወጥ ቤት የተነሣ ልጣጭ በተከፈተ ቁስል ላይ አይደረግም።

ዝናብ፦ ከምግብ ተረፈ ምርቶች ሁሉ ቁስልን ቶሎ የሚያድነው የትኛው ነው?

መላሽ፦ ቁስሉ ካልተለየ ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። የሚደማው፣ ብዙ ፈሳሽ የሚያወጣውና ደርቆ የተሰነጠቀው ቁስል አንድ ዓይነት መሸፈኛ አይፈልጉም። የቁስሉን ዓይነት ጠቅሰው ይመለሱ።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚገኘው ካይቶሳን ደም ያቆማል ሲባል አነባለሁ። ከቅርፊቱ እንዴት እንደሚወጣና ደሙን በምን ምክንያት እንደሚያቆም ቢያብራሩልን?

መላሽ፦ እንዲህ ተለይቶ የቀረበ ጥያቄ ደስ ይለኛል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሚገመት የሽሪምፕ፣ የሸርጣንና የሎብስተር ቅርፊት ይጣላል። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ፕሮቲንና ካይቲን እርስ በርስ ተጠላልፈው የሠሩት በመሆኑ፣ ሥራው ሁሉ አንዱን ከሌላው መፍታት ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካልሲየም ካርቦኔቱን ያሟሟዋል፤ የተበረዘ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፕሮቲኑን ያወጣዋል፤ የሚቀረው ካይቲን ነው። ካይቲን በውኃም በቀላል አሲድም ስለማይሟሟ እንደዚያው ሆኖ ብዙ አያገለግልም። ከ40 እስከ 50 በመቶ በሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ሲቀቀል ግን አሴቲል የሚባለው ቡድን ከሰንሰለቱ ይወልቅና አሚኖው ይገለጣል፤ ካይቶሳን የምንለው ያኔ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ6.5 ገደማ በታች በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ይህ አሚኖ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። የቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ኔጌቲቭ ስለሆነ ሕዋሳቱ ከቁሱ ጋር ይጣበቁና ቁስሉን እንደ ውታፍ ይደፍኑታል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም አብረው ይሰበሰባሉ። ይህ ሂደት ደሙ በራሱ በሚረጋበት መንገድ ላይ ብዙም አለመመካቱ ነው ጥቅሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ደም ለማቆም የተፈቀደው የካይቶሳን መሸፈኛ በጦር ሜዳ ጭምር ያገለገለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገር ግን «ካይቶሳን» የአንድ ነገር ስም አለመሆኑን ልብ ይበሉ። አሴቲሉ 70 በመቶ የወለቀለትና 95 በመቶ የወለቀለት፣ ሰንሰለቱ የረዘመና ያጠረ፣ በመሟሟታቸውም በሰውነት ውስጥ በሚፈርሱበት ፍጥነትም ይለያያሉ። ላይዞዛይም የተባለው ኢንዛይም ብዙ አሴቲል የቀረለትን ቶሎ ይቆራርጠዋል፤ አሴቲሉ ከሞላ ጎደል የወለቀለትን ግን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ «ካይቶሳን ተጠቀምን» ብሎ አሴቲሉ የወለቀበትን መጠንና የሰንሰለቱን ርዝመት የማይጽፍ ሰው ምን እንደተጠቀመ አልነገረንም።

ቀስተ ደመና፦ እኔ የካይቶሳን ዱቄት ገዝቼ በኮምጣጤ አሟሙቼዋለሁ። እጄ ላይ ያለውን ቁስል ልቀባው እችላለሁ?

መላሽ፦ አይችሉም። ዱቄቱ ለምን ዓላማ እንደተመረተ፣ ምን ያህል ፕሮቲንና ከባድ ብረት እንደቀረበት አናውቅም። የኮምጣጤው አሲድም ሳይወገድ ሥጋዎን ይለበልባል። በመግቢያዬ ያስጠነቀቅሁት ይህንኑ ነው።

ነርስ 27፦ መሣሪያዎቻችንን በአውቶክሌቭ እናጸዳለን። ካይቶሳኑንም በዚያው ብናሳልፈው አይበቃም?

መላሽ፦ አይበቃም፤ ይህን ነጥብ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ የምደጋግመው ብዙ ባለሙያ የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ከጀርም ነጻ መሆንና ከኢንዶቶክሲን ነጻ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኢንዶቶክሲን ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የውጪ ሽፋን አካል ሲሆን፣ ባክቴሪያው ሲሞት እንኳ እዚያው ይቀራል፤ በ121 ዲግሪ የሚሠራው የአውቶክሌቭ እንፋሎትም አያጠፋውም። የመስታወት ዕቃን ከኢንዶቶክሲን ለማጽዳት በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ማቆየት የተለመደ ነው፤ ካይቶሳን በዚያ ሙቀት ቢቆይ ግን ያርራል። ከዚህም የከፋው፣ ኢንዶቶክሲን ኔጌቲቭ ካይቶሳን ደግሞ ፖዘቲቭ በመሆናቸው ሁለቱ ጠብቀው ይያያዛሉ። ቅርፊቱ በሙቀት ውስጥ ተጥሎ ሲሸት ከዋለ፣ ቁሱ ወደ ላብራቶሪው ከመድረሱ በፊት ተበላሽቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ሲያብጥና ሲቀላ አንዱ ተመራማሪ «ካይቶሳን ይጎዳል» ይላል፣ ሌላው «የመከላከል አቅምን ያነቃቃል» ይላል፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ቆሻሻው ሊሆን ይችላል። ጋማ ጨረርም ቢሆን ጀርሙን ሲገድል ሰንሰለቱን ስለሚቆራርጥ፣ ልኬቱ ከጨረሩ በኋላ መደገም አለበት።

ሰማያዊ፦ ይህ ሁሉ ስጋት የበዛ ይመስለኛል። ቁሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ እንደ ፕላስቲክ ሰውነትን አይጎዳም።

የላብራቶሪ ሰው፦ ወንድሜ፣ የሽሪምፕ አለርጂም ተፈጥሯዊ ነው። ትሮፖማዮሲን የተባለው ፕሮቲን ከቅርፊቱ በሚገባ ካልታጠበ አለርጂ ላለበት ሰው አደጋ ነው።

ሰማያዊ፦ እሱስ ማርም ከተፈጥሮ የተገኘ አይደለም? ስንት ዘመን ቁስል ሲቀባ ኖሯል።

የላብራቶሪ ሰው፦ ሆስፒታል የሚጠቀምበት ማር በጋማ ጨረር ያለፈ መሆኑንም አብረው ይናገሩ እንጂ። በተራ ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ስፖር ሊኖር ይችላል።

መላሽ፦ ማር ተረፈ ምርት ስላልሆነ እዚህ ላይ ይቁም። ፕላስቲክን በተመለከተ ግን ለአቶ ሰማያዊ አንድ ነገር ላስታውስ። ርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ቶሎ እንደሚጠግግ እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ሲያሳይ ቁስሉን የሸፈነው በተራ የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ነበር፤ የተሸፈነው ለአየር ከተጋለጠው በግምት በእጥፍ ፍጥነት አዲስ ቆዳ አበቀለ። ለቁስሉ የሚያስፈልገው በላዩ የተደረገው ነገር የሚሠራው ሥራ እንጂ የትውልድ ሐረጉ አይደለም።

የሙዝ ልጣጭ፦ በሕንድ ሐኪሞች የድንች ልጣጭን ለቃጠሎ ተጠቅመዋል ይባላል። እውነት ከሆነ እርስዎ ለምን ይከለክላሉ?

መላሽ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሙምባይ ሐኪሞች የተቀቀለ የድንች ልጣጭን ለቃጠሎ ቁስል መሸፈኛነት ሞክረዋል፤ ዘመናዊ መሸፈኛ ውድ በሆነበት ቦታ ብልህ መፍትሔ ነበር። ይሁንና ልጣጩ ተዘጋጅቶ ከጀርም የጸዳው በሆስፒታል፣ በሐኪም ክትትል ነው። የልጣጩ ዋና ጥቅም ቁስሉ እንዳይደርቅ መከለሉ ነበር፤ ዊንተር በፕላስቲክ ያደረገውም ይህንኑ ነው። እኔ የምከለክለው ከወጥ ቤት ተነሥቶ በቀጥታ ቁስል ላይ የሚለጠፈውን ነው።

ቀስተ ደመና፦ እንግዲህ ልጣጩን ቀቅለን ብንጠቀም ይሠራል ማለት ነው?

መላሽ፦ አልተባለም። ከፍ ብሎ ያለውን በድጋሚ ያንብቡ።

ዓሣ አስጋሪ፦ የዓሣ ቆዳስ? ከእንስሳት ቆዳ በምን ይሻላል?

መላሽ፦ ቆዳው የቆዳ ዋና መዋቅር በሆነው ፕሮቲን፣ በአንደኛው ዓይነት ኮላጅን፣ የበለጸገ ነው። ከከብትና ከአሳማ የሚወሰደው ቁስ ቫይረስ እንዳያስተላልፍ በጠንካራ ኬሚካል መታከም ሲኖርበት፣ ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ወደ ሰው የመተላለፉ ስጋት እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ የዓሣው ቆዳ በለዘብተኛ መንገድ ይዘጋጃል፤ ስብና ተፈጥሯዊ መዋቅሩም ይተርፉለታል። የአይስላንዱ የኮድ ዓሣ ቆዳ መሸፈኛ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በብራዚል ደግሞ የቲላፒያ ቆዳ ለቃጠሎ ተሞክሯል። ኮላጅኑን ከቆዳው ለይተው ማውጣት ለሚፈልጉ ግን ማሳሰቢያ አለኝ። የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ኮላጅን በሰውነት ሙቀት ጠመዝማዛ ቅርጹን አጥቶ ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ፣ በሌላ ዘዴ ካልተሳሰረ ቁስሉ ላይ ይቀልጣል።

ነርስ 27፦ ከብርቱካን ልጣጭ የሚወጣው ፔክቲንና የእንቁላል ውስጠኛ ስስ ሽፋንስ?

መላሽ፦ ፔክቲን ከጄላቲንና ከካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ጋር በሃይድሮኮሎይድ መሸፈኛዎች ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። ፈሳሽ ሲያገኝ ያብጥና ዝልግልግ ይሆናል። የእንቁላሉ ሽፋን ኮላጅን ያለበት ጥሩ መረብ ነው፤ የእንቁላል አለርጂንና ሳልሞኔላን ግን አይርሱ። ከዚህ በላይ የሚያውቁ ቢናገሩበት ይሻላል።

ጀበና፦ የቡና አተላስ?

መላሽ፦ የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ እኔ አልሠራሁበትም።

እንግዳ፦ አባቴ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ እግራቸው ላይ ቁስል ወጥቶ ወር አልፎታል። ከእነዚህ የትኛውን ይመክሩኛል?

መላሽ፦ የትኛውንም። በስኳር ሕመም የሚመጣ የእግር ቁስል የደም ዝውውር፣ የነርቭና የመመርቀዝ ጉዳይ በመሆኑ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። እግዚአብሔር ምሕረቱን ያምጣላቸው።

የኬሚስትሪ ተማሪ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ ካይቶሳን ላወጣ አስቤያለሁ። ምን ምን ብለካ ሥራዬ ዋጋ ይኖረዋል?

መላሽ፦ የእንስሳውን ዝርያና ቅርፊቱ ከተሰበሰበ በኋላ ስንት ሰዓት በምን ሙቀት እንደቆየ ይመዝግቡ፤ ይህን የሚጽፍ ጥቂት ሰው ነው። ቀጥሎ አሴቲሉ የወለቀበትን መጠን፣ የሰንሰለቱን ርዝመት፣ የቀረውን አመድና ፕሮቲን፣ ኢንዶቶክሲኑንም ይለኩ። ሕዋስ ላይ የሚደረገው የመርዛማነት ምርመራ ለሕክምና ቁሶች በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ በአይኤስኦ 10993 ክፍል 5 መሠረት ቢሆን ከሌሎች ሥራ ጋር ይነጻጸራል። አንድ ጊዜ ብቻ ሠርተው አይጻፉ፤ ሦስት የተለያዩ የቅርፊት ስብስቦች ወስደው ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ያሳዩ። ጥሩ ካይቶሳን አንድ ጊዜ የሚያገኝ ብዙ ነው፤ ያንኑ መልሶ የሚያገኝ ግን ጥቂት ነው።

ዝናብ፦ እንዳሉኝ ተመልሻለሁ። ቁስሉ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ፣ ጥልቀት የሌለውና ፈሳሽ የሚያወጣ ነው።

መላሽ፦ አሁን መነጋገር እንችላለን። ፈሳሹ መጠነኛ ከሆነ ፔክቲን ያለበት ሃይድሮኮሎይድ ይሆናል፤ ከበዛ ግን ሃይድሮኮሎይዱ ተሸንፎ ስለሚያፈስ በዙሪያው ያለው ቆዳ ይርሳል፤ ያን ጊዜ ፈሳሹን መጥጦ የሚይዝ፣ በቃጫ መልክ የተሠራ የካይቶሳን መሸፈኛ ይሻላል። ሁለቱም ታሽገው የተዘጋጁ ሊሆኑ ይገባል፤ ምርጫውንም ቀዶ ሕክምናውን ያደረጉት ሐኪም አይተው ያጽድቁት። ፈሳሹ ሽታ ካመጣ ወይም ወደ መግል ከተለወጠ ደግሞ መሸፈኛ መቀየር አይጠቅምዎትም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።