ከአዘዞ ፒያሳ፦ ትምህርት ቤቱን እንቀይር ወይስ ቤቱን?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር ከተማ ዳር አዘዞ፣ በባለቤቴ እናት ግቢ ውስጥ በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኪራይ የለብንም። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ከተማ ነው። ባለቤቴ እዚሁ አዘዞ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው። የ7 ዓመቷ ልጃችን ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የግል ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ከሌሊቱ 11፡15 እቀሰቅሳታለሁ፤ ኮንትራት ሚኒባሱ ሌሎች ልጆችን እየለቀመ ስለሚሄድ 55 ደቂቃ ይፈጅባታል። ማታ አባቷ ሱቅ ዘግቶ እስኪመጣ ስለምትጠብቅ 4፡00 ሳይሆን አትተኛም። ከጥር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ደህና ናት። በመስከረም የ4 ዓመት ወንድሟ ኬጂ ይገባል። እኔ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት እንከራይ እላለሁ፤ ባለቤቴ አዘዞም የግል ትምህርት ቤት አለ፣ እዚሁ እናስገባቸው ይላል። አማቴ ልጆቼን ሊነጥቁኝ ነው ብለው ያለቅሳሉ። እውነቱን ለመናገር ትምህርት ቤቱ ደጃችን ላይ ቢሆንም ከዚህ ግቢ መውጣት የምፈልግ ይመስለኛል። ከባለቤቴ ጋር ከተኳረፍን ወር ሊሞላን ነው። ባለፈው ሳምንት ልጄ ‹ትምህርት ቤቱ ይቅርብኝ፣ እናንተ አትጣሉ› አለችኝ።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቤቱ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይሆንም፤ የልጅቷ ሆድ ግን ይቅደም። በትምህርት ቀን ጠዋት ተነሥቶ ቅዳሜ የሚጠፋ የሆድ ሕመም በዚህ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከጭንቀት ይመጣል። ታስመስላለች ማለት ግን አይደለም፤ አንጀት ለጭንቀት ፈጥኖ ምላሽ ይሰጣል፣ ሕመሙም እውነተኛ ሕመም ነው። ነርስ እንደመሆንዎ የሰገራና የሽንት ምርመራ አስፈላጊነትን ያውቁታል፤ የጤና ባለሙያዎች የገዛ ልጃቸውን ሳያስመረምሩ ሲቆዩ ስለሚታይ ብቻ ነው የማነሣው። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ሰገራ ላይ ደም፣ ወይም ወደ ታችኛው ቀኝ ሆድ ያደላ ሕመም ካለ ጭንቀት ነው ብለው አይለፉት።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለብቻዋ ይጠይቋት፦ «ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ትገቢያለሽ?» ሽንት ቤቱ ስለሚሸት፣ ውኃ ስለሌለው ወይም በሩ ስለማይዘጋ ቀኑን ሙሉ ይዘው የሚውሉ ልጆች ብዙ ናቸው። የያዙት ሰገራ ይደርቃል፤ ከዚያ ሆድ ይቆርጣል፣ መጸዳዳት ያማል፣ ሕመሙን ፈርተው ደግሞ ይይዛሉ።

ወደ እንቅልፏ ልለፍ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። የእርስዎ ልጅ በነገሩኝ ሰዓት ስትሰላ የምታገኘው 7 ሰዓት ከሩብ ነው፤ ከዝቅተኛው ልክ በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ያህል ይጎድላታል ማለት ነው። እንቅልፍ ያጣ ልጅ እንደ አዋቂ አያዛጋም። ይነጫነጫል፣ ጠዋት ምግብ አይገባለትም፣ ጥቃቅን ነገር ያስለቅሰዋል። በባዶ ሆድ 55 ደቂቃ በሚኒባስ መናወጥ ሲጨመርበት ደግሞ ማቅለሽለሽ ይመጣል። ስለዚህ ቤት ቀየራችሁም አልቀየራችሁም፣ ከነገ ጀምሮ ማታ 2፡00 ላይ ትተኛ። አባቷን ማየት ካለባት ጠዋት ታግኘው፤ ወደ መኪናው የሚሸኛት እሱ ይሁን። ቦርሳና ዩኒፎርም ማታ ይዘጋጅ። ጠዋት ትንሽ ደረቅ ዳቦ በሻይ ቀምሳ ትውጣ፤ መኪና ውስጥ ከፊት በኩል፣ ወደ መንገዱ እያየች ትቀመጥ። ሆዴን አመመኝ ባለች ቁጥር ግን ቤት አያስቀሯት። አንድ ቀን መቅረት የዚያን ቀን ሕመም ያስታግሳል፣ የሚቀጥለውን ሰኞ ግን ያከብደዋል።

«እናንተ አትጣሉ» ማለቷ የጠቡ ምክንያት እኔ ነኝ ብላ እንደደመደመች ያሳያል። የ7 ዓመት ልጅ ከዚህ የተለየ መደምደሚያ ላይ አትደርስም፤ በየክርክሩ ስሟና ትምህርት ቤቷ ሲነሣ እየሰማች ነውና። ሁለታችሁም አብራችሁ ተቀምጣችሁ፣ አጭር አድርጋችሁ ንገሯት፦ «እኔና አባትሽ ስለ ቤት እየተነጋገርን ነው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የምንወስነው እኛ ነን፤ ስንወስን እንነግርሻለን።» የት መኖር እንደምትፈልግ አይጠይቋት። ከአያቷና ከእናቷ አንዷን ምረጪ እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤዎ ዋና መስመር እንምጣ። በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ «እውነቱን ለመናገር» ብለው የጻፉት ነው። እኔ እንደማየው በቤታችሁ ያለው ጠብ ስለ ትምህርት ቤት አይደለም። እርስዎ የራሴ የምለው ቤት ይኑረኝ ይላሉ፤ ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ችግሩ ጥያቄውን በልጅቷ ትምህርት ቤት ሸፍነው ማቅረብዎ ነው። ባለቤትዎ የሰማው ጥያቄ «መንገዱ ረዘመባት» የሚል ስለሆነ፣ «እንግዲያው ትምህርት ቤቱን እናቅርብ» ብሎ መለሰ። ለተጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፤ እርስዎ ግን ተናደዱ፣ እሱም ለምን እንደተናደዱ አልገባውም። ነገ አዘዞ ውስጥ ጥሩ ትምህርት ቤት ቢገኝ እጅዎ ላይ ምክንያት አይቀርም፣ ብሶቱ ግን ይቀራል።

ስለዚህ ሁለቱን ለያይተው ያቅርቡ። ሱቅ ዘግቶ ደክሞ በገባበት ማታ አይሁን። እሑድ ከሰዓት፣ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ሳሉ፣ ከግቢው ወጣ ብላችሁ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ተቀመጡ። እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ፦ «አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ስለ ልጅቷ መንገድ ያልኩህ እውነት ነው፤ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከተጋባን ጀምሮ የራሴን ጓዳ ይዤ አላውቅም፤ እሱን እፈልጋለሁ። እናትህን ጠልቼ አይደለም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። የመጀመሪያ መልሱ ቁጣ ቢሆንም አይከራከሩ። ከቁጣው ሥር ያለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ «እናቱን ጥሎ ሄደ» የሚለው የአዘዞ ሰው አፍ፣ ሱቁን ከሩቅ ሆኖ የመክፈት ጣጣ፣ ወይም ኪራይ እችል ይሆን የሚል ሥጋት። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁት፤ ሦስቱም መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። በዚያ ሰዓት ምንም እንዳትወስኑ። ወር ሙሉ የተኳረፉ ሰዎች በመጀመሪያው ንግግር ከወሰኑ፣ አንዱ ለሰላም ሲል እሺ ይልና በሦስተኛው ወር ያነሣዋል።

ለአማትዎ የሚናገረው ልጃቸው ነው፤ እርስዎ አይደሉም። ይህን አጥብቄ የምለው ምራት ስትናገረው «ልወስድብዎ ነው» ተብሎ ስለሚሰማ ነው፤ ቃሉ ምንም ያህል ቢለሰልስ። እሱ ሲናገርም ማጽናኛ ብቻ አይበቃም፣ ቀን ይቆረጥ፦ «እማማ፣ ብንወጣም ልጆቹ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከእርስዎ ጋር ናቸው።» «ቶሎ ቶሎ እንመጣለን» የሚባለው ግን ማንንም አያጽናናም። ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ማስገባት ካሰባችሁ፣ ሁለታችሁ አንድ ሐሳብ ከያዛችሁ በኋላ ይሁን፤ ቀድመው ከገቡ «ቻይው» በሚል ምክር ነገሩን አዳፍነውት ይሄዳሉ።

እዚህ ድረስ ከተግባባችሁ ወረቀት አውጡና አስሉ። በመጀመሪያ ሰዓት። ከአዘዞ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጅቷን የሚያደክማት ግን ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን ሚኒባሱ በየሰፈሩ እየዞረ የሚለቅመው ልጅ ነው። መጀመሪያ የምትነሣ ልጅ መጨረሻ ከምትነሣው ረዘም ላለ ጊዜ ትጓዛለች። ሹፌሩን የመልቀሚያ ቅደም ተከተሉን እንዲቀይር ወይም ከአዘዞ ብቻ የሚነሡ ልጆችን የሚይዝ መኪና እንዲፈልግላችሁ ጠይቁት፤ 55 ደቂቃው ወደ 35 ቢወርድ ብዙ ነገር ይቀየራል። አዲስ ቤት ስታዩም ከቤት በር እስከ ክፍል በር ያለውን በአምስቱም የትምህርት ቀናት ለኩና ከአምስቱ ረጅሙን ያዙ፤ አማካዩ ያታልላል። ደግሞም ትምህርት ሳይዘጋ በሰኔ ለኩ፤ ነሐሴ ላይ የተለካ መንገድ መስከረም ላይ ሌላ ነው። ለዝቅተኛ ክፍል ልጅ በአንድ ጉዞ እስከ 30 ደቂቃ ድረስ አልሰጋም፤ ከ45 ካለፈ ግን ትምህርት ቤቱ ምንም ያህል ስም ያለው ቢሆን አመነታለሁ።

የኖቤል ተሸላሚው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት 909 የቴክሳስ ሠራተኛ ሴቶች የቀን ውሏቸውን ሲመዝኑ፣ ከሁሉ ያነሰ ደስታ የሰጣቸው የሥራ ጉዞ ነበር። ቤት ስንመርጥ የምናየው የክፍሉን ስፋትና ሴራሚኩን ነው፤ ክፍሉን በሁለት ወር እንለምደዋለን፣ መንገዱ ግን በየጠዋቱ አዲስ ነው። ይህ ለባለቤትዎም ይሠራል። ፒያሳ አፍ ላይ ብትከራዩ የልጅቷን ጉዞ ወስዳችሁ በእሱ ጫንቃ ላይ አደረጋችሁት ማለት ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መስመር መካከል ላይ፣ እሱንም እርስዎንም ያለ ቅያሬ በአንድ ታክሲ የሚያደርስ ቤት ፈልጉ። ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ቅርብ ቤት አንድ ታክሲ ከሚያስይዝ ራቅ ያለ ቤት ይብሳል፤ ሰዓት የሚበላው ጥበቃው ነው።

ከሰዓት ቀጥሎ ገንዘብ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የቤት ኪራዩን ከኮንትራት መኪናው ክፍያ ጋር ያወዳድሩና «ልዩነቱ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። የአያት ሰዓት ይረሳል። ትንሹ ልጅ ከኬጂ ቀን 6፡30 ቢወጣና እርስዎ 11፡00 ከሥራ ቢወጡ፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሌሊት ተረኛ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ። ዛሬ ይህን አማትዎ በነፃ ይሸፍኑታል። ከወጣችሁ ወይ ሙሉ ቀን የሚያውል ኬጂ፣ ወይ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛ ከሆነ ደመወዟ ብቻ ሳይሆን ምግቧና መኝታዋም ይታሰብ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የት ትተኛለች? ይህን ሳያስሉ የወጡ ቤተሰቦች በኅዳር ወር ትንሹን ልጅ መልሰው ለአያቱ ይልኩታል፤ ያኔ የልጁ ናፍቆት፣ የአማት «አልኳችሁ» እና የባል ቁጣ በአንድ ላይ ይመጣል። ኬጂ ለአንድ ዓመት አዘዞ ቢማር ምንም አይቀርበትም። በ4 ዓመቱ የሚያስፈልገው ጨዋታ፣ ተረትና እንቅልፍ ነው፤ ፊደል ይደርሳል።

ስለ ትምህርት ቤቱ ራሱ፦ የአዘዞውን ሳታዩ አትጣሉት፣ የፒያሳውንም ስለከፈላችሁበት ብቻ አታጥብቁት። በምዝገባ ቀን አትሂዱ፤ ያን ቀን ሁሉም ትምህርት ቤት ያምራል። በሥራ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት ሂዱ። ሽንት ቤቱን እዩ፤ የከተማው ውኃ ሲጠፋ የሚሆን ሮቶ እንዳለና ቧንቧው እንደሚሠራ ራሳችሁ ከፍታችሁ አረጋግጡ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ለማየት ጠይቁ፦ መምህሩ ስሕተቱን ምልክት አድርጎ አርሞታል ወይስ ገጹን ሁሉ በአንድ ራይት ዘግቶታል? አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ፣ በዓመቱ መካከል ስንት መምህር እንደለቀቀ፣ ሒሳብና ሳይንስ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ፣ ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። «እኛ ጋ ሥነ ሥርዓት ጥብቅ ነው» ካሏችሁ «እንዴት?» በሉ፤ ማንበርከክና አለንጋ ከሆነ ለእርስዎ ልጅ ሆድ ጥሩ አይደለም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ብዙ ጊዜ እንደ ማስታወቂያ ይቀርባል፤ ልጆቹን በመግቢያ ፈተና መርጦ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ግን የሚያሳየው ማንን እንደመረጠ ነው።

የእገታ ሥጋት ባለበት በዚህ ጊዜ መረከቢያውን አትርሱ። ልጅቷ ለእነማን ብቻ እንደምትሰጥ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ሁለት ሰው ይበቃል። ከእሷ ጋር ሚስጥራዊ ቃል ይኑራችሁ፤ «እናትሽ ልካኝ ነው» ያለ ሰው ቃሉን ካላወቀ አትከተለው። ስታስተምሯት በጨዋታ መልክ ይሁን፤ ሌላ ፍርሃት አትጨምሩባት።

የቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ስለሆነ ክፍለ ከተማችሁን ጠይቁ። ለእናንተ ይህ ከብሩ በላይ ጥቅም አለው። በየስድስት ወሩ ቤት የምትቀይር ልጅ በየስድስት ወሩ ጓደኛም ትቀይራለች።

እስከ ሰኔ መጨረሻ መስማማት ካልቻላችሁ ሁለት ቦታ ምዝገባ አትክፈሉ፤ የምዝገባ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈላችሁ በፊት በደረሰኝ ላይ አስጽፉ። አዘዞን ከመረጣችሁ ደግሞ መሸኛዋንና የውጤት ካርዷን ትምህርት ሲዘጋ ወዲያው ውሰዱ፤ ክረምት ላይ ርእሰ መምህሩም ማኅተም ያዡም ላይገኙ ይችላሉ።