በመቶኛው ብቻ አይለካም፦ ስለ ግራፊን ፕሌትሌት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ፕላስቲክን፣ ኮንክሪትንና ብረታ ብረትን በግራፊን ስለማጠናከር የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። የተወሰኑትን ዛሬ ልመልስ።

ግራፊንና ግራፊን ፕሌትሌት አንድ ናቸው ወይ? ሁለት አንባቢዎች ጠይቀዋል።

አይደሉም። ግራፊን አንድ ንጣፍ የካርቦን አቶም ነው፤ ውፍረቱ 0.335 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እ.ኤ.አ. በ2004 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግራፋይትን (የእርሳስ ልብ የሚሠራበትን ካርቦን) በሚያጣብቅ ቴፕ እየላጡ ለይተው አወጡት። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኙበት። ፕሌትሌት ደግሞ የእነዚህ ንጣፎች ቁልል ነው። አምስት ንጣፍ ያለው አለ፣ መቶ ንጣፍ ያለውም አለ። ገበያው ሁለቱንም “ግራፊን” ይላቸዋል። በ2018 የታተመ አንድ ጥናት የ60 አምራቾችን ምርት መርምሮ ነበር። በአብዛኞቹ ውስጥ ከ10 ንጣፍ በታች የሆነው ድርሻ 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። የቀረው ደቃቅ ግራፋይት ነው።

ፕሌትሌት የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ነጭ ሊሆን ይችላል?

አይችልም። ትንሽም ቢገባ ያጠቁረዋል፤ ላዩን ቀለም ይቀቡት።

የፕሌትሌት ዱቄቱን ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ) ላይ ጨምሬ በእንጨት ባማስለው አይበቃም ወይ፣ ይላሉ ጀልባ የሚጠግኑ አንባቢ።

አይበቃም። እንዲያውም ኢፖክሲው ከበፊቱ ሊደክም ይችላል። ፕሌትሌቶች እርስ በርስ መጣበቅ ይወዳሉ። ራስዎ ማየት ይችላሉ፦ ከድብልቁ አንድ ጠብታ ወስደው በሁለት ስስ መስታወት መሃል ይጨፍልቁትና ወደ ብርሃን ያንሱት። እኩል የተዳረሰ ግራጫ ካዩ ደህና ነው። ጥቁር ነጠብጣቦች ካዩ ግን እያንዳንዱ ነጠብጣብ በጣም ብዙ ፕሌትሌት የተቋጠረበት ጉብታ ነው። ሙጫው ወደ ጉብታው ውስጥ አልገባም፤ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል።

በደንብ የሚበትኑት የአልትራሳውንድ መሣሪያና ሦስት ሮለር ያለው መፍጫ ናቸው። አልትራሳውንዱ ሲበዛ ግን ፕሌትሌቱን ራሱን ይሰባብረዋል። በአሴቶን የሚበትኑ ከሆነ አሴቶኑ ሙሉ በሙሉ ተኖ መውጣት አለበት፤ የቀረው ኢፖክሲውን ያለሰልሰዋል። የአየር አረፋውንም በቫኩም ያውጡት። ይህ ሁሉ ከሌለዎት በመስታወት ፋይበር ጨርቅ ይጠግኑ።

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካለች። በኢፖክሲ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ውስጥ በክብደት 1 በመቶ ፕሌትሌት አስገብታ፣ ወደ ላይኛውና ወደ ታችኛው ገጽ እንዲበዛ አድርጋ፣ የቁሱን ግትርነት (ላለመለጠጥና ላለመጉበጥ ያለውን አቅም) የድብልቅ ቁስን ግትርነት በሚገምተው በሃልፒን-ጻይ ቀመር አስልታለች። ከተራው ኢፖክሲ ከአራት እጥፍ በላይ ወጣላት። አማካሪዋ “ይህን አላምንም” አሏት።

እህቴ፣ የሒሳብ ስህተት የለብሽም። ያስገባሻቸው ቁጥሮች ናቸው የሚያጠራጥሩት። በዚህ ዘርፍ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲገለበጡ የኖሩ ናቸው፦ የፕሌትሌቱ ግትርነት 1010 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ)፣ ርዝመቱ 2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው)፣ ወርዱ 1.5 ማይክሮን፣ ውፍረቱ 1.5 ናኖሜትር፣ እፍግታው 1062.5 ኪሎግራም በሜትር ኩብ። ኢፖክሲው 3 ጊጋፓስካል፣ እፍግታው 1200። እኔም አስልቼዋለሁ፤ 4.3 እጥፍ ይመጣል።

አሁን እፍግታውን ልብ በይ። ግራፋይት 2200 አካባቢ ነው። የግራፋይት ቁልል የሆነ ነገር እንዴት ከኢፖክሲው ይቀላል? 2200 አድርገሽ እንደገና አስዪው። በዚያው 1 በመቶ ክብደት ውስጥ ፕሌትሌቱ የሚይዘው ቦታ በግማሽ ይቀንስና ውጤቱ ወደ 2.6 እጥፍ ይወርዳል። ቀጥዪና ውፍረቱን 30 ናኖሜትር አድርጊው፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ዱቄት ወደዚህ ይቀርባል። 1.5 እጥፍ ይመጣል። ቀመሩን አልነካንም። ሁለት ቁጥር ብቻ ቀየርንና ከ4.3 ወደ 1.5 ወረድን።

ውፍረት ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው? ጭነቱ ከኢፖክሲው ወደ ፕሌትሌቱ የሚተላለፈው በገጹ በኩል ነው። ቁልሉ ሲወፍር ለአንድ ግራም የሚደርሰው ገጽ ያንሳል። በዚያ ላይ የመሃሎቹ ንጣፎች እንደ ጥራዝ ወረቀት እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ይህን መንሸራተት ቀመሩ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ 1.5ም ቢሆን ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

“ቀመሩ ከሙከራ ጋር ተመሳክሯል” ይሉሻል። እውነት ነው። በ2009 የታተመ የታወቀ ሙከራ በ0.1 በመቶ ክብደት ብቻ የኢፖክሲን ግትርነት 31 በመቶ፣ የመሳብ ጥንካሬውን 40 በመቶ፣ ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙን 53 በመቶ ከፍ አድርጎ አሳይቷል። ከላይ ያሉት የተለመዱ ቁጥሮች በ0.1 በመቶ 33 በመቶ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ በእርግጥ ይቀራረባል። ግን አንድ ነጥብ ላይ መግጠሙ እስከ 1 በመቶ ድረስ አያስኬድም። መጠኑ ሲጨምር ድብልቁ ይወፍራል፣ አየር ይይዛል፣ ጉብታ ይበዛል። ወረቀት ላይ ያለው መስመር ሽቅብ ይሄዳል፤ በላቦራቶሪ ግን ብዙ ጊዜ ከሆነ መጠን በኋላ ይቆማል ወይም ይወርዳል።

ወደ ሁለቱ ገጾች ማብዛትሽ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ቢም ሲጎብጥ ትልቁን ውጥረት የሚሸከሙት ላይና ታቹ ናቸው፤ መሃሉ ብዙ አይሠራም። ስለዚህ ይህን ክፍል አትጣዪው። ግትርነቱን ብቻ ከቀመር አትውሰጂ። በምታስቢያቸው መቶኛዎች ናሙና አፍስሺ፣ ናሙናን ስቦ በሚለካ ማሽን ለኪ፣ የለካሽውን ወደ ቢም ስሌትሽ አስገቢ። ማሽን ከሌለሽ ደግሞ ውጤቱን በአንድ ቁጥር ሳይሆን ውፍረቱን ከ1.5 እስከ 30 ናኖሜትር እየቀያየርሽ አቅርቢው። አማካሪሽ ያን ያምኑታል ብዬ አስባለሁ። እኔም አምነዋለሁ።

የቀለጠ አልሙኒየም ላይ ልበትነው?

አይመከርም። ቀልጦ ያለ አልሙኒየም ካርቦንን በደንብ አያርሰውም። ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ አልሙኒየም ካርባይድ ይፈጠራል፤ እሱ ተሰባሪ ነው፣ እርጥበትም ያፈርሰዋል። የተሻለው መንገድ የአልሙኒየም ዱቄትን ከፕሌትሌቱ ጋር ቀላቅሎ፣ ሳይቀልጥ ጨምቆ ማጋል ነው። የዱቄት ብረታ ብረት ባለሙያ ያማክሩ።

አንድ ኮንትራክተር ኮንክሪቱ ውስጥ ግራፊን ከገባ ፌሮ መቀነስ እችላለሁ ወይ ብለዋል።

አይችሉም። ግራፊን ኮንክሪትን እንደሚጠቅም አልክድም። በ2018 የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጨመቅ ጥንካሬውን እስከ 146 በመቶ ማሳደጋቸውን አሳትመዋል። በ2021 እንግሊዝ አገር ኤምስበሪ ውስጥ የአንድ ጂም ወለል በግራፊን ኮንክሪት ተሞልቷል። ተስፋው ያለው ሲሚንቶን በመቆጠብ በኩል ነው፤ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ ያህሉ ከሲሚንቶ ይመጣልና።

የፌሮ ሥራ ግን ሌላ ነው። ኮንክሪት ሲሳብ የሚችለው፣ ሲጨመቅ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ጭነቱን የሚይዘው ፌሮ ነው። 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ስንጥቅ 300 ማይክሮን ነው። ፕሌትሌቱ ስንት ነው? ብዙ ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን እስከ ጥቂት አሥሮች። ስንጥቁን ተሻግሮ የሚይዝበት ርዝመት የለውም። ሕንፃው ውስጥ ሰው ይኖራል። ኃላፊነት የሚወስድ የስትራክቸር መሐንዲስ በጽሑፍ ሳያጸድቅልዎ አንድም ፌሮ እንዳይቀንሱ። ሻጩ የሚሰጥዎ ብሮሹር ማጽደቂያ አይደለም።

ዱቄቱ ለጤና አደገኛ ነው? ጠያቂዋ በየቀኑ ፕሌትሌት ያለበትን የደረቀ ቁስ በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳሉ፤ ሳልም ጀምሯቸዋል።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ምን እንደሚሠሩም ይንገሯቸው። ይህን አያቆዩት። ፕሌትሌት ወርዱ ሰፊ ቢሆንም በጣም ስስ ስለሆነ አየር ላይ እንደ ትንሽ ቅንጣት ይንሳፈፋል፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍልም ሊደርስ ይችላል። የካናዳ ጤና መሥሪያ ቤት በ2021 ግራፊን ያለባቸውን የፊት ጭምብሎች ሰዎች እንዳይጠቀሙ ያስጠነቀቀው በዚሁ ስጋት ነው። በ2024 በ14 ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ሙከራ የአጭር ጊዜ ጉዳት አላሳየም። ግን የተጠቀሙት በጥንቃቄ የተጣራ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተያያዘበት ግራፊን) ነው፤ ተንፍሰው የሳቡትም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የእርስዎ ዕለታዊ ሥራ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። እያረጠቡ ይሞርዱ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያግድ የኤፍኤፍፒ3 ጭምብል ያድርጉ፣ ብናኙን በመጥረጊያ አይጥረጉ።

ስገዛ ሻጩን ምን ልጠይቀው?

ስለ መቶኛና ስለ ንጽሕና ብቻ አይጠይቁ። በግራም ስንት ካሬ ሜትር ገጽ እንዳለው ይጠይቁ። አንድ ንጣፍ ግራፊን በስሌት 2630 ካሬ ሜትር በግራም አለው። ሻጩ 100 ካለዎት 2630ን ለ100 ያካፍሉ፤ በአማካይ 26 ንጣፍ ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩን ሊሰጥዎ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።