ብቻሽን በባቡር መሄድ ትችያለሽ፤ ሰባት ከተማ ግን ይበዛል

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትኖሪው ዱባይ ነው፤ ፓስፖርትሽ የኢትዮጵያ ነው። መስከረም ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለሽ። ፓሪስን፣ አምስተርዳምን፣ በርሊንን፣ ፕራግን፣ ቪየናን፣ ቬኒስንና ሮምን በባቡር እየዞርሽ ማየት ትፈልጊያለሽ፤ ብቻሽን። «ይቻላል ወይ? ለሴት አያስፈራም ወይ?» ብለሻል።

እኔ የምኖረው ጀርመን ነው። ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ባቡር ላይ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዬን። እኔም ሴት ነኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ይቻላል። አያስፈራምም። የሚከብደው ሰባቱ ከተማ ነው።

ካርታ ላይ ስታይው ከከተማ ከተማ አብዛኛው አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀላል ይመስላል። ግን ጠዋት ክፍል ታስረክቢያለሽ፣ ሻንጣ እየጎተትሽ ጣቢያ ትሄጃለሽ፣ ባቡሩ ይወስድሻል፣ ከዚያ ደግሞ አዲሱን ማረፊያ ፍለጋ። ቀኑ አለቀ። ሰባት ከተማ ካልሽ ከሁለት ሳምንትሽ ስድስቱ ቀን እንዲህ ያልቃል። ለየከተማው የሚደርሰው አንድ ቀን ከትንሽ ነው። ፎቶ ይኖርሻል፤ ከተማውን ግን አላየሽውም። ለእኔ አንድ ከተማ የሚገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ስልኬን ሳላይ መንገድ ሳገኝ፣ ዳቦ ቤት ያለችው ሴትዮ ፊቴን ስትለምደው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ማንም በማያውቅሽ አገር «ደግሞ መጣሽ?» የሚል አንድ ፊት ቀኑን ያሞቀዋል።

እኔ ብሆን በፓሪስ ገብቼ በሮም እወጣለሁ። የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጪ መግቢያውንና መውጫውን የተለያየ ከተማ አድርጊው። ወደ ኋላ መመለስ አይኖርም፤ ጉዞው ሁሉ ወደፊት ይሆናል። ፓሪስ ሦስት ሌሊት፣ ዙሪክ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በአልፕስ ተራሮች ላይ በሚያልፈው ባቡር ወደ ጣልያን። ቫሬና የምትባል የሐይቅ ዳር መንደር ሁለት ሌሊት፣ ቦሎኛ አራት፣ ሮም አራት። በቃ።

ይሄ ለቪዛውም ይመቻል። የሼንገን (በአንድ ቪዛ የሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች) ማመልከቻ የሚቀርበው ብዙ ሌሊት ለምታድሪበት አገር ነው፤ በዚህ ዕቅድ ጣልያን መሆኗ ግልጽ ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ሼንገን ውስጥ ናት፤ አትጨነቂ። እንግሊዝ ግን የለችበትም። ኅብረቱ በኤፕሪል 2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። ስለዚህ «እግረ መንገዴን ለንደን ደርሼ ልመለስ» የሚባል ነገር አታስቢ፤ ከወጣሽ ወጣሽ ነው። ጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ የመጨረሻውን ወር አትጠብቂ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማረፊያዎችሽን ያለ ክፍያ መሰረዝ በሚቻልበት መንገድ ያዢ። ርካሹን የባቡር ትኬት ግን ቪዛው ፓስፖርትሽ ላይ ሳያርፍ አትግዢ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡ አይመለስም።

ስለ ባቡር ፓሱም፣ በአንድ ክፍያ ብዙ ባቡር ስለሚያሳፍረው ትኬት፣ ጠይቀሻል። ኢንተርሬይል አውሮፓ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ነው፤ ለአንቺ የሚሆነው ዩሬይል ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው። ፓስ ኖሮሽም ለፈረንሳይና ለጣልያን ፈጣን ባቡሮች የመቀመጫ ማስያዣ ለብቻው ትከፍያለሽ። በእኔ ዕቅድ ረጃጅሞቹ ጉዞዎች ጥቂት ስለሆኑ ፓሱ አያዋጣሽም። ከፓሪስ ዙሪክና ከቦሎኛ ሮም ያሉትን ቪዛው እንደደረሰ ግዢ። የጣልያን ቀርፋፋ ባቡሮች ዋጋቸው ቋሚ ነው፤ በዚያው ቀን ጣቢያ ላይ ይገዛል። የወረቀት ትኬት ከሆነ ከመሳፈርሽ በፊት ፕላትፎርሙ ላይ ባለው ትንሽ ማሽን አስመቺው። ያልተመታ ትኬት ያስቀጣል።

ስለ ፓሪስ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ያወራላታል። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ እዚያ ብዙ ትልልቅ ጣቢያዎች አሉ። የዙሪኩ ባቡር የሚነሳው ከጋር ደ ሊዮን ነው። ትኬትሽ ላይ የጣቢያውን ስም እስከ መጨረሻው አንብቢ። ሚላንና ሮምም እንደዚሁ ናቸው። አራት ሰዓት ገደማ ተጉዘሽ ዙሪክ ትገቢያለሽ፤ ሐይቁ ዳር እራትሽን በልተሽ ተኚ፤ ጠዋት በጊዜ ትነሻለሽ።

አሁን የምወደው ቦታ ደረስኩ። ከዙሪክ ኩር ወደምትባል ከተማ ትሄጃለሽ፤ እዚያ ወደ ቀዩ ትንሽ ባቡር ትቀይሪያለሽ። መስመሩ ወደ ሳን ሞሪትስ ይወጣል፤ ከዚያ በበርኒና ተራራ ላይ አልፎ ጣልያን ውስጥ ቲራኖ ይወርዳል። ትልልቅ መስኮት ያለው የቱሪስት ባቡር አለ፤ በርኒና ኤክስፕረስ ይባላል፤ ተጨማሪ የማስያዣ ክፍያ ይጠይቃል። እሱን ተዪው። ተራው ባቡር በዚያው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው፤ ማስያዣም አይጠይቅም። ደስ ያለሽ ቦታ ወርደሽ የሚቀጥለውን ትጠብቂያለሽ።

መጀመሪያ የላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል። ቁመቱ 65 ሜትር ነው። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ተጠምዝዞ ቀጥ ብሎ ቋጥኙ ውስጥ ይገባል። በኋላ ወደ ላይ ስትወጪ ዛፉ ያልቃል፤ ድንጋይና በረዶ ብቻ ይቀራል። ከፍተኛው ቦታ ኦስፒዚዮ በርኒና 2,253 ሜትር ላይ ነው። ከፍታው ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም፤ ግን ፊት ለፊትሽ የበረዶ ግግር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ እዚህ ግን የምትወርጂው በሐዲድ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሐዲዱን ነክሶ የሚይዝ ባለ ጥርስ ማርሽ እንኳ የለውም። ብሩዚዮ ላይ ባቡሩ ሙሉ ክብ ሠርቶ በራሱ ድልድይ ሥር ያልፋል፤ ከመስኮትሽ የራስሽን ባቡር ጭራ ታያለሽ። ቲራኖ ስትደርሺ 429 ሜትር ላይ ነሽ፤ ሙቀት ነው፤ ሰው ጣልያንኛ ያወራል። መስመሩ ያለቀው በ1910 ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን መሥራታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቲራኖ የስዊሱና የጣልያኑ ጣቢያ ጎን ለጎን ናቸው። የሚላኑን ባቡር ይዘሽ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሄደሽ ቫሬና ውረጂ። ኮሞ ሐይቅ ዳር ናት። እዚያ የሚሠራ ነገር የለም፤ ለዚህ ነው የምልክሽ። በጀልባ ቤላጆ ተሻግረሽ መመለስ፣ መቀመጥ፣ መተኛት።

ከቫሬና በሚላን በኩል ቦሎኛ ትገቢያለሽ። ሰው ቬኒስና ፍሎረንስ እያለ ለምን ቦሎኛ ትያለሽ? አንደኛ፣ ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ቬኒስ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሁለቱንም ያለ ሻንጣ ደርሰሽ ማታ ትመለሻለሽ። ሁለተኛ፣ ቦሎኛ የተማሪ ከተማ ናት። ማታ መንገዱ ላይ ሰው አይጠፋም፤ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ይሄ ከምንም ይበልጣል። ሦስተኛ፣ የእግረኛ መንገዶቿ በቅስት የተሸፈኑ ናቸው፤ በመሀል ከተማው ብቻ 38 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ዝናብ ቢመጣም ትሄጃለሽ። አንዱ ከከተማው ተነስቶ በ666 ቅስቶች እስከ ሳን ሉካ ቤተ ክርስቲያን ኮረብታ ይወጣል። ከጣቢያው ስትወጪ 10፡25 ላይ የቆመ ሰዓት ታያለሽ። አልተበላሸም። በኦገስት 2 ቀን 1980 ጣቢያው ውስጥ በፈነዳ ቦምብ 85 ሰዎች ሞተዋል፤ ሰዓቱ የተተወው ለእነሱ ነው።

ሮም ለእኛ ከሌላው ቱሪስት የተለየች ናት። ቴርሚኒ ጣቢያ ስትወጪ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ ይባላል። ስሙ የተሰጠው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት አምስት መቶ ያህል የጣልያን ወታደሮች ነው። ሐውልታቸውም እዚያው አቅራቢያ አለ። ከዚያ በእግርሽ ወደ ኮሎሲየም ውረጂ፤ አጠገቡ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶኑን ድል የጨረሰው እዚያ ነው፤ ሌሊት ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ታች ከሄድሽ ፖርታ ካፔና ትደርሻለሽ። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረው በዚህ ቦታ ነው። አበበ ሲያልፍ ሐውልቱ ገና እዚያው ነበር። አገሩ የገባው በ2005 ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ አስጎብኚዎች ይህን አይነግሩሽም።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ባቡሩ ውስጥ ብዙም የሚያሰጋ ነገር የለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጣቢያ ላይ ነው። ትኬት ማሽን አጠገብ «ልርዳሽ» ብሎ የሚመጣ ሰው ገንዘብ ሊጠይቅሽ ነው፤ ወይም ዓይኑ ቦርሳሽ ላይ ነው። አመሰግናለሁ ብለሽ ዘወር በዪ። ፓስፖርትሽና ስልክሽ ከሰውነትሽ አይለዩ። ባዶ ፉርጎ ውስጥ አትቀመጪ፤ ቤተሰብ ወይም አሮጊቶች ያሉበትን ምረጪ። አዲስ ከተማ ሁልጊዜ ሳይመሽ ግቢ። በጣቢያ ጀርባ ያሉ ርካሽ ሆቴሎች ዋጋቸው ያማልላል፤ ብዙ ከተሞች ውስጥ ግን ሰፈሩ ማታ ይከብዳል። የሌሊት ባቡር ከፈለግሽ የኦስትሪያው ናይትጄት ለሴቶች ብቻ የሚሆን ክፍል አለው።

ሌላም ልንገርሽ፤ ማንም ስለማያነሳው። ድንበር ላይ ፖሊስ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ ሌላውን አልፎ እኔን ብቻ ወረቀት የጠየቀበት ጊዜ አለ። ያማል። መልመድም አይገባም። ግን ፓስፖርቱ ቅርብ ሲሆንና የማረፊያዎችሽ ማረጋገጫ ያለ ኢንተርኔት ስልክሽ ላይ ሲከፈት በደቂቃ ያልቃል። ዕቅድሽን አትቀይሪለት።

ብቸኝነቱ የሚመጣው በእራት ሰዓት ነው። እኔ ትልቁን ምግብ ምሳ ላይ እበላለሁ፤ ማታ ቀለል ያለ ነገር ይዤ ሰው የሚቀመጥበት አደባባይ እሄዳለሁ። ረቡዕና ዓርብ ትጾሚ ከሆነ ጣልያን ውስጥ አትራቢም። ፒዛ ማሪናራ አይብ የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። እንጀራ ካማረሽ ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ሮምን መጨረሻ ያደረግኩልሽ በከፊል ለዚህ ነው።

ባቡር ከዘገየ ደግሞ መብትሽን እወቂ። በኅብረቱ ሕግ አንድ ሰዓት ከዘገየ የትኬቱ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይመለሳል፤ ከአንዳንድ ከአቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች በቀር። ትኬቱን አታጥፊው።

አምስተርዳም የግድ ነው ካልሽ ቫሬናን አውጪና ሁለቱን ሌሊት ለእሷ ስጪ። አምስተርዳም ገብተሽ ከዚያ ወደ ፓሪስ በባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በርሊንን፣ ፕራግንና ቪየናን ግን ለሌላ ዓመት አቆያቸው፤ ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፤ ራሳቸውን የቻሉ ጉዞ ይሆናሉ። የፈቃድሽን ቀን እዚህ ጻፊልኝ፤ የባቡሮቹን ሰዓት አብረን እናያለን።