መርፌው ባዶ ሲወጣ

ልጆቼ፣

«ዶክተር፣ ሦስት ጊዜ ወግቼ አንዲት ጠብታ መቅኔ አልወጣልኝም፤ እጄ ገና አልፈታም መሰለኝ።» ባለፈው ሐሙስ ከእናንተ ከተማሪዎቼ አንዷ ይህን ስትለኝ ዕንባዋ ቀርቦ ነበር።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ጣፊያው እምብርቱን ያለፈ የቀን ሠራተኛ መጣልን። ካላዛር፣ ጣፊያ የሚያሳብጠው የጥገኛ ተውሳክ በሽታ፣ ከሚገኝበት ከመተማ ሰሊጥ እርሻ ስለመጣ እሱ ነው ብለን በልባችን ጨርሰናል፤ የቀረን ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ቀድተን ጥገኛውን ማየት ነው። ሲሪንጁን ሳብኩ፤ ባዶ። ደገምኩ፤ ባዶ። መዝገቡ ላይ «ናሙና አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ።

አስተማሪዬ ከሰዓት አነበቡት። «ባዶ መውጣቱ ራሱ ውጤት መሆኑን ማን ይንገርህ?» አሉኝ። በወፍራሙ መርፌ ቁራጭ አጥንት አወጡ። በብር ሲቀለም ጥቁር ክር ሞልቶታል፦ ሬቲኩሊን፣ ሴሎቹን እንደ ድር ጠፍሮ የያዘ። መቅኔው እዚያው ነበር፤ ታስሮ ነው እምቢ ያለው። የዕንባ ቅርጽ ያላቸው ቀይ የደም ሴሎችም በደም ስላይዱ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያያቸው የለም እንጂ። በሽታው ማይሎፋይብሮሲስ ነበር፤ መቅኔው በክር የሚሞላበት የደም ካንሰር።

እኛ የተማርነው ስለ ዘሩ፣ ስለ ደም ሠሪው ሴል ነው፤ ስለ መሬቱ፣ ሴሉ ስለሚያድርበት ስፍራ የነገረን አልነበረም። ሁለት ዓይነት ደም ያነሳቸው የላቦራቶሪ አይጦች አሉ። አንደኞቹ ጤነኛ መቅኔ ሲሰጣቸው ይድናሉ። ሁለተኞቹ፣ «ስቲል» የሚባሉት፣ ቢሰጣቸውም አይድኑም፤ የእነሱ መቅኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ያድናል። ዘሩ ደህና ነው፤ የተዘራበት ነው የከዳው። ስኮፊልድ የተባለ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1978 የደም ግንደ ሴል፣ ሌሎቹ የደም ሴሎች ሁሉ የሚወጡበት ሴል፣ ግንድነቱን የሚጠብቀው ማደሪያው ነው ብሎ ጽፏል።

ማደሪያው ጎረቤት ሴሎች ብቻ አይደለም። በመካከላቸው ኮላጅን፣ ፋይብሮኔክቲን፣ ላሚኒን የሚባሉ ፕሮቲኖች የተዘረጉበት መረብ አለ። ግንደ ሴሉ ኢንተግሪን በሚባሉ እጆቹ ይጨብጠዋል። የዚሁ መረብ ክፍል የሆነው ሄፓራን ሰልፌት ደግሞ ሴሎችን ወደ ቤታቸው የሚጠራውን ሲኤክስሲኤል 12 የሚባል ፕሮቲን ይዞ ያቆያል። የግንደ ሴል ለጋሽ ለጥቂት ቀናት ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባለውን መድኃኒት ሲወጋ ይህ ጭበጣ ይላላና ሴሎቹ ወደ ደም ይወጣሉ፤ ከክንዱ እንሰበስባቸዋለን። በሽተኛው በደም ሥሩ ሲሰጠው ደግሞ ማንም ሳይመራቸው መቅኔ ይገባሉ። ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ለብዙ ዓመት «ሁሉም መሬቱ ነው» እያልኩ አስተምሬአለሁ። በማይሎፋይብሮሲስ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃክ2 በሚባለው ዘረ መል ላይ ያለው ለውጥ ተገኘ፤ ከበሽተኞቹ ግማሽ ያህሉ አላቸው። የታመሙት ሜጋካርዮሳይቶች፣ ፕላትሌት የሚሠሩት ትልልቅ የመቅኔ ሴሎች፣ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ያመነጫሉ፣ እሱም ጎረቤቶቹን ክር ያስፈትላቸዋል። መሬቱን ያበላሸው ዘሩ ነበር ማለት ነው። የግንደ ሴል ንቅለ ተከላው ከሠመረ ያ ሁሉ ክር በወራት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

እና ባዶ ሲወጣባችሁ «አልተገኘም» አትበሉ፤ «ስቤ ባዶ ወጣ» ብላችሁ ጻፉ። ቁራጭ አጥንት ውሰዱ፣ የብር ቅለም ጠይቁ፣ የደም ስላይዱን በገዛ ዓይናችሁ እዩ።

የሐሙሷ ልጄ ቁራጩን በማግስቱ አውጥታለች። አጥንቱ አሲድ ውስጥ እየለሰለሰ ነው፤ ሰኞ አብረን እናየዋለን።