ርካሽ ሳይክል ላይ ሞተር መግጠም፦ እናንተ ጠይቁ፣ እኔ ልመልስ

ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ለሳይክል የተሠራች ይመስል። አሮጌዋን ሳይክሌን በባትሪ የሚሠራ ሞተር ከገጠምኩላት ወዲህ ሐይቅ ዳር ቆም ባልኩ ቁጥር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ሁሉ አምጡ አልኩ። ያው መጣላችሁ።

ጋሼ፣ የሞተሩ ኪት (ጥቅል ዕቃው) ሲገዛ ሁሉም ነገር አብሮ ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ጎማው መሀል፣ ቸርኬው ላይ ታስሮ ይመጣል። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠር ኮንትሮለር፣ እንደ ሞተር ሳይክል የሚጠመዘዝ እጀታ፣ ሲጨበጥ ሞተሩን የሚያጠፋ ፍሬን፣ ፔዳል መዞሩን የሚለይ ሴንሰርም አለው። ባትሪው ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ከወጪው ትልቁን የሚበላውም እሱ ነው። "በርካሽ አገኘሁ" ከማለትህ በፊት ባትሪ አለው ወይ በል።

የእኔ ሳይክል ተራ የቻይና ናት። ትችለዋለች?

ሞተሩን ከፊት ልትገጥም ከሆነ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዘውን ሹካ ተመልከት። ማግኔት አስጠጋው። ከሳበ ብረት ነው፣ ጥሩ። ካልሳበ አሉሚኒየም ሊሆን ስለሚችል ሞተሩ የኋላ ይሁን። ርካሽ ሞላ ያለው ሹካም ለፊት ሞተር አይሆንም። ሌላው ነገር፣ የሳይክል የፊት አክሰል ብዙ ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሞተሩ 10 ነው። አልገባ ካለ በመዶሻ አትምታው። አክሰሉ የሚገባበትን የሹካውን ቀዳዳ ጎን ለጎን በሞረድ ትንሽ ማስፋት ይበቃል። ወደ ላይ ግን እንዳታጠልቀው፣ ጎማው ዘሞ ይቀራል።

አንተ ስትገጥም ያበላሸኸው ነገር የለም?

እንዴት አይኖርም! ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ አክሰሉ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል። እኔ በዳዶ ብቻ አጥብቄው ወጣሁ። አሞራ ገደል አካባቢ ስደርስ ዳዶው ላላና አክሰሉ ዞረ። ሽቦዎቹ የሚወጡት በአክሰሉ ውስጥ ስለሆነ ተጠማዘው ተበጠሱ። ጎማው ወልቆ ጥርሴን አለማጣቴ የእግዜር ቸርነት ነው። አክሰሉ እንዳይዞር ከሹካው ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት ካርቶኑ ውስጥ ነበር። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው" ብዬ ትቼው ነበር። አሁን በሁለቱም በኩል አስሬዋለሁ።

350 ዋት ልግዛ ወይስ 1000?

ከማን ጋር ልትሽቀዳደም ነው፣ ከባጃጅ? ለሀዋሳ ሜዳ 350 ይበቃሃል። የርካሽ ሳይክል ፍሬን በእግር ለሚነዳ ፍጥነት የተሠራ ነው። 1000 ዋት የሚያስወጣውን ገንዘብ ለባትሪ ጨምረው። የፍሬኑን ጎማና ገመድ ግን ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት ቀይር።

ታቦር ተራራን ያወጣኛል?

ፔዳል እየመታህ ከሆነ ይረዳሃል። ሙሉ በሙሉ ለእሱ ከተውክለት ግን በዝግታ እየታገለ ይግላል፣ መጨረሻ ላይም ይቃጠላል።

በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዛ። የእኔ ባትሪ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው፤ 360 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ባትሪው የሚይዘው ጉልበት። ፔዳል እያገዝክ ስትነዳ በኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 15 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ጥርግ አድርጌ ስለማልጨርሰው እኔ 25 ኪሎ ሜትር ብዬ ነው የምቆጥረው። የእጀታውን ጋዝ ብቻ እየሰጠህ ከነዳህ ከዚያም ያንሳል።

ሦስት የመኪና ባትሪ ባያይዝስ? ቤት አሉኝ።

36 ቮልት ይሰጡሃል፣ ጎማውም ይዞራል። ግን ሦስቱ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ሰው ጭነህ እንደመሄድ ነው። ደግሞ የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ በየቀኑ ተሟጦ እንዲሞላ አይደለም። ቶሎ ይሞትብሃል።

ልጄ ማታ አልጋው ሥር ቻርጅ ያደርጋል። አደጋ አለው?

አለው እናቴ፣ ዛሬውኑ ያስቁሙት። በ2 አምፔር ቻርጀር 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ቀን፣ ሰው እያለ ይሰካ። ከፍራሽና ከመጋረጃ ርቆ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። መውጫ በር አጠገብ አይሁን፣ እሳት ከተነሳ መንገድ ይዘጋል። የ36 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ 42 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ ከሌላ ባትሪ የተዋሰውን እንዳይሰካበት። ያበጠ ባትሪ ደግሞ አይጠገንም፣ ይወገድ።

ፔዳል ስመታ ባትሪው ይሞላል?

አይሞላም።

ክረምት ላይስ?

ካፊያ ችግር የለውም። ሽቦው ኮንትሮለሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ይውረድ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። መኪና እጥበት ወስደህ በግፊት ውሃ እንዳታስመታው እንጂ።

አዲሱ ሞተሬ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ልመልሰው?

ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀል። ከሞተሩ የሚወጡት 3 ወፍራም ሽቦዎችና ብዙ ጊዜ 5 የሚሆኑት ቀጫጭኖች የሚሰኩበትን ነቅለህ እይ። ሲሰካ የታጠፈች አንዲት ፒን አትጠፋም። በጥፍርህ አቅናትና መልሰህ ሰካ። ጎማውን ከመሬት አንስተህ ሞክረው።