ለከንቲባነት ለመወዳደር ለምታስቡ ወጣቶች

በሜሪላንድ በማዘጋጃ ቤት የበጀት ክፍል ስሠራ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ለከንቲባነት የመወዳደር አሳብ ያላቸው የእኛ ልጆች ምክር ይጠይቁኛል። አሳባቸው ደስ ያሰኘኛል። ከጠያቂዎቼ አንዳንዶቹ ግን የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ መሆን ነው የሚመኙት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የሌላት፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ (ከከተማ በላይ፣ ከስቴት በታች ባለው አስተዳደር) የምትተዳደር አካባቢ ናት። ስለዚህ የምትፈልጉት ወንበር መኖሩን፣ ካለም በእርሱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ እላለሁ።

አጠገቧ ያለችውን ታኮማ ፓርክን እንውሰድ። የሕዝቧ ብዛት ወደ 18 ሺህ ይጠጋል። ስድስቱ የምርጫ ክልሎቿ እያንዳንዳቸው አንድ የምክር ቤት አባል ይመርጣሉ፤ ከንቲባውን የሚመርጠው ግን የከተማው መራጭ በሙሉ ነው። አገር ቤት ከንቲባን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ስለሆነ፣ እዚህ በሕዝብ በቀጥታ የተመረጠ ሰው የበለጠ ሥልጣን ያለው ይመስለናል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የታኮማ ፓርክ ከንቲባ ስብሰባ ይመራል፣ እንደ ሌሎቹ አባላትም አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያስኬደው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው ሥራ አስኪያጅ ነው። ትምህርት ቤቶቹ የካውንቲው ናቸው። በኒው ሃምፕሻየር ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራት ይተከልልን የሚል ነዋሪ ቢመጣ፣ መንገዱ የስቴቱ በመሆኑ ከንቲባው የሚችለው ለስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት መጻፍና መወትወት ብቻ ነው። መብራቱን አስተክላለሁ ብሎ ቃል የሚገባ እጩ ወይ ሕጉን አላነበበም፣ ወይ መራጩ አላነበበውም ብሎ ተማምኗል።

እንጀራዬ ነበረና በበጀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። የከተማው ዋና ገቢ የቤትና የሕንፃ ግብር ሲሆን፣ የሚሰላው በየ100 ዶላሩ ግምት ነው። ግምቱን የሚያወጣው ስቴቱ ነው፤ በየሦስት ዓመቱም ይከልሰዋል። ለስሌት ያህል የከተማው የግብር መጣኔ በ100 ዶላር 50 ሳንቲም ነው እንበል። ግምቱ 400 ሺህ ዶላር የነበረ ቤት ወደ 460 ሺህ ቢያድግ፣ ጭማሪው በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚገባ በሦስተኛው ዓመት የባለቤቱ የከተማ ግብር ከ2,000 ወደ 2,300 ዶላር ይደርሳል፤ ለጭማሪው የተቀመጠው ጣሪያ ካልገታው በቀር። ምክር ቤቱ መጣኔውን በአንዲት ሳንቲም እንኳ አልነካም። «ግብር አልጨምርም» ብሎ የተመረጠ ከንቲባ፣ ሁለቱንም ዓመት ደረሰኝ ይዘው ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ለሚቆሙ አዛውንት ምን ይመልሳል? የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚጀምር ክርክሩ የሚጧጧፈው በጸደይ ወራት ነው። ቢያንስ የአንድ ዓመቱን ክርክር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጣችሁ ሳትሰሙ ስማችሁን እንዳታስመዘግቡ።

መራጩ ማን እንደሆነ ማወቅም ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿ በከተማው ምርጫ እንዲሳተፉ የፈቀደችው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ነው፤ በ2013 ደግሞ ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ ቀድማ የመምረጫ ዕድሜውን ወደ 16 ዓመት ዝቅ አድርጋለች። እንግዲህ በሜፕል ጎዳና ባሉት አፓርታማዎች የምትኖር፣ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የሌላት እናት በካውንቲው ምርጫ ባትመርጥም ከንቲባዋን ግን ትመርጣለች፤ የ16 ዓመት ልጇም እንዲሁ። ዜግነት የሌላቸው የሚመዘገቡት በከተማው ጸሐፊ ቢሮ ነው። ይህን የማያውቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ በር እያንኳኳችሁ ስትነግሯቸው ግን ድምፃቸውን ለእናንተ እንዲሰጡ በማሰብ ብቻ አይሁን።

ድምፅ የሚሰጠው እጩዎችን በቅደም ተከተል በማስቀመጥ ነው። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ይወጣና የእርሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል። የተቀናቃኛችሁ ማስታወቂያ የተተከለበትን ግቢ አልፋችሁ አትሂዱ፤ አንኳኩና «ሁለተኛ አድርጉኝ» በሉ። በዚህ ዓይነት ምርጫ ተቀናቃኝን መሳደብ፣ ነውርነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ኪሳራም ነው።

የገንዘቡ ነገር ያሠጋኛል። እኛ ዘንድ መዋጮ ማለት ምግብ ቤት ተሰብስቦ በፖስታ መስጠት ነው፤ ከአገር ቤት የመጣ አጎትም ሳይሰጥ አይወጣም። የፌዴራሉ ሕግ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው የውጭ ሰው ለትንሽ ከተማ ምርጫ እንኳ አንድ ዶላር እንዳያዋጣ ይከለክላል። የአጎትን ፖስታ መመለስ ለባህላችን ይከብዳል፤ ቢሆንም በአክብሮት ይመለስ። የእያንዳንዱን ሰጪ ስም፣ አድራሻና መጠን በዕለቱ ጻፉ።

በ2017 በሞንታና ግዛት የሄሌና ከተማ ከንቲባ ሆነው የተመረጡት ዊልሞት ኮሊንስ ከላይቤሪያ በስደት የመጡ ናቸው። 16 ዓመት በሥልጣን የቆዩትን ከንቲባ ያሸነፉት ግን ከተማዋ ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ኖረው ነው። በሜይን ግዛት የሳውዝ ፖርትላንዷ ሶማሌ ተወላጅ ዴቃ ዳላክም አስቀድመው በ2018 የምክር ቤት አባል ሆኑ፤ በ2021 መጨረሻ ላይ ከንቲባ ያደረጓቸውም የምክር ቤት ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሁለቱም «ሳይጠሩት አቤት» የሚባሉ ዓይነት እጩዎች አልነበሩም። የትውልድ አገራቸው የታሪካቸው አካል ነው፤ ነዋሪው ግን ከዚያም አልፎ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ፖሊስና ስለ እሳት አደጋ አገልግሎት መልስ ይሻል። «የእኛ ሰው ነው» መባል የአንድ ምሽት አዳራሽ ይሞላ ይሆናል፤ ስድስት የምርጫ ክልል ግን አያዳርስም።

በትንንሽ ከተሞች ምክር ቤቱን የሚያማክሩ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎች አሉ፤ ሰው የሚጎድላቸውም ጊዜ ብዙ ነው። ለአብዛኞቻችሁ መግቢያው በር ይህ ይመስለኛል። የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ከከተማው ጸሐፊ ጠይቁና ሂዱ፤ የበጀቱን ሰነድ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ገጽ በገጽ አብሬአችሁ አነባለሁ።