ጥርሷን ለተነቀለች ድመት ማስታገሻ እንዴት ይሰጣል?

በዚህ እትም ድመቶቻቸውን ጥርስ ያስነቀሉ አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። መልሶቻችን የሐኪሙን ትእዛዝ አይተኩም፤ ትእዛዙ ቤት ውስጥ በምን መልክ እንደሚፈጸምና የት ላይ እንደሚበላሽ ነው የምንነግራችሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመቴ ከትናንት በስቲያ አንድ ክራንቻዋን ጨምሮ 6 ጥርስ ተነቀለላት። ሐኪሟ ቡፕረኖርፊን የሚባል ማስታገሻ የተሞሉ ትንንሽ ሲሪንጆች ሰጥታኝ በየ8 ሰዓቱ 0.25 ሚሊ አፏ ውስጥ አድርጊ ብላኛለች። ከሰጠኋት በኋላ ዓይኗ ጥቁር ብቻ ይሆናል፣ ግድግዳ ላይ ታፈጣለች፣ ኩርር እያለች ብርድ ልብሱን እንደ ሊጥ ታቦካለች። ትናንት ማታ ደግሞ አረፋ ደፈቀች። አብዝቼባት ይሆን? ለነገሩ ደህና እየበላች ስለሆነ ባቆመውስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አላበዙባትም። ይህ መድኃኒት በብዛት የሚገኘው በ1 ሚሊ 0.3 ሚሊግራም ሆኖ ነው። 0.25 ሚሊ ማለት 0.075 ሚሊግራም ነው፤ ለ4 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 0.02 ሚሊግራም ግድም ይመጣል። የተለመደው ልክ በኪሎ ከ0.01 እስከ 0.03 ስለሆነ መሀሉ ላይ ነዎት። ማሸጊያው ላይ 1.8 ሚሊግራም የሚል ካዩ ግን ሳይሰጡ ይደውሉ። ያኛው ስድስት እጥፍ የጠነከረና ክሊኒክ ውስጥ ከቆዳ ሥር በቀን አንዴ የሚወጋ ነው።

የዓይኗ ብሌን መስፋት፣ ማፍጠጧና ማቡካቷ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ብሌኗ ለሰዓታት ሰፍቶ ስለሚቆይ ደማቅ መብራት ይቀንሱላት። ከሕመም የሚለዩት በሰዓቱ ነው፤ ከሰጧት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ውስጥ የሚጀምርና ቀጣዩ ሳይደርስ የሚበርድ ከሆነ መድኃኒቱ ነው። የመስጫው ሰዓት ሲቃረብ እየባሰ የሚሄድ፣ ስትነኳት የምትቆጣበት፣ አፏን በእጇ የምትሞዥቅበት ከሆነ ግን ማስታገሻው እያለቀባት ነው፤ ያኔ መጠኑን ወይም ልዩነቱን የምታስተካክለው ሐኪሟ ናት። አፏን ከፍታ ማለክለክ ከጀመረች፣ ድዷ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ጠርተዋትም ነክተዋትም ካልነቃች ስልክ ሳይሆን መኪና ነው የሚያስፈልገው።

አረፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሰጣጡ ላይ ችግር እንዳለ ይነግርዎታል። ድመት የማይጥማት ነገር ምላሷ ላይ ሲያርፍ ለሃጯ ይዝረበረባል። ቡፕረኖርፊን የሚሠራው ደግሞ ተውጦ አይደለም። የድመት ምራቅ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ መድኃኒቱ በጉንጭና በድድ ሽፋን በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ ከተዋጠ ግን አብዛኛውን ጉበት ገና ሲያልፍ ያጠፋዋል። ምግብ ላይ ማንጠብጠብም የማይሠራው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ አፏን አይክፈቱት። ፎጣ ጠቅልለው ጀርባዋ ወደ እርስዎ ሆኖ ያስቀምጧት። የሲሪንጁን ጫፍ ስፌት በሌለበት ወይም በሚያንስበት በኩል ከከንፈሯ ማዕዘን ያስገቡና በጉንጯና በድዷ መካከል አስተኝተው ቀስ እያሉ ይግፉት። ጭንቅላቷን ወደ ላይ አያቅኑ፤ ሲቀና ትውጠዋለች። ከዚያ በኋላ ለ15 ደቂቃ ያህል ምግብም ውሃም አይቅረብላት። ግማሹ ከፈሰሰ በግምት አይድገሙ፤ ይደውሉና ይጠይቁ። ሰዓት ካለፈዎትም ሁለቱን በአንዴ አይስጡ።

ስለ ማቆሙ፦ አያቁሙ። ድመት እያመማትም ትበላለች፤ ሕመሟን መደበቅ የተፈጥሮዋ ነው። የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ በሰዓት ይስጡ፤ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ማብረድ ሳይነሣ ከመከላከል ይከብዳል።

አንድ ነገር እንጨምር፣ በእኛ ሰው ቤት ብቻ የሚያጋጥም ነው። እናትዎ ወይም እህትዎ ተራ ይዘው የሚሰጡ ከሆነ ወረቀቱ ላይ የአበሻ ሰዓት ይሁን የፈረንጅ ሰዓት በግልጽ ይጻፉ። ጧት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ተብሎ የተጻፈውን በፈረንጅ ሰዓት ያነበበ ሰው ስድስት ሰዓት ያዛንፈዋል። ሰጪው በሰጠ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርግ፤ «ሰጥተሻታል?» «አዎ መሰለኝ» ሲባባሉ ነው ድመት ሁለቴ የምትወስደው።

ጥያቄ፦ እዚህ ጀርመን ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሜሎክሲካም የሚባል የማስታገሻ ሽሮፕ ለ4 ቀን በቀን አንዴ አዞልናል። አሜሪካ ያለች እህቴ «ለድመት ክልክል ነው፣ ኩላሊቷን ትገድያለሽ» አለችኝ። ማንን ልመን? ደግሞ ቤት ውስጥ የውሻችን ሜሎክሲካም ስላለ እሱን ብጠቀም ምን አለበት? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ሁለቱም በየአገራቸው ወረቀት ትክክል ናቸው። በአሜሪካ ሜሎክሲካም ለድመት የተፈቀደው በቀዶ ሕክምና ጊዜ ለአንድ መርፌ ብቻ ነው፤ በኪሎ 0.3 ሚሊግራም። ከ2010 ጀምሮ መግለጫው ላይ በሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ አለው፤ ደጋግሞ መስጠት ድንገተኛ የኩላሊት መድከምና ሞት አስከትሏል ይላል። በአውሮፓ ደግሞ መነሻ መርፌው በኪሎ 0.2 ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ሽሮፑ በኪሎ 0.05 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ እስከ 4 ቀን ይፈቀዳል። የአንዱን አገር መርፌ ከሌላው አገር ሽሮፕ ጋር አዳብሎ መስጠት ግን የሁለቱንም መመሪያ ያፈርሳል።

ኩላሊቱን የሚጎዳው መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም። ያልበላችና ያልጠጣች፣ ወይም የምታስመልስ ድመት ሰውነቷ ይደርቃል፤ ወደ ኩላሊቷ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሜሎክሲካምና መሰሎቹ ደግሞ ኩላሊት በዚህ ጊዜ ራሱን የሚያድንበትን መንገድ ይዘጉበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ትብላ፣ ከዚያ ይስጧት። ምግብ እምቢ ካለች፣ ካስመለሰች ወይም ካስቀመጣት የዚያን ቀኑን ትተው ይደውሉ። የድድ ቁስለት ያለባቸው ድመቶች ብዙ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ሲወስዱ ስለቆዩ ያንንም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሰጡም፣ ጨጓራና አንጀት ያቆስላሉ።

የውሻውን አይንኩት። የድመቱ ሽሮፕ በ1 ሚሊ 0.5 ሚሊግራም፣ የውሻው 1.5 ሚሊግራም ነው። ለ4 ኪሎ ድመት የሚገባት 0.2 ሚሊግራም፣ ማለትም ከድመቱ ሽሮፕ 0.4 ሚሊ ነው። ያንኑ 0.4 ሚሊ ከውሻው ጠርሙስ ከቀዱ ሦስት እጥፍ ሰጧት ማለት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ከድመቱ ጠርሙስ ጋር የሚመጣው ሲሪንጅ ላይ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ጊዜ የድመቷ ኪሎ ናቸው እንጂ ሚሊ አይደሉም፤ 4 ኪሎ ከሆነች እስከ 4 ይቀዳል። ያ ሲሪንጅ ጠፍቶ በተራ ሲሪንጅ 4 ሚሊ የቀዳ ሰው አሥር እጥፍ ይሰጣል። የኢንሱሊን ሲሪንጅም ያሳስታል፤ U-100 በሚባለው ላይ 100 የሚለው መስመር 1 ሚሊ፣ 40 የሚለው መስመር 0.4 ሚሊ ነው። ጠርሙሱን ሳይንጡ መቅዳትም መጠኑን ያዛባል፤ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል።

ጥያቄ፦ ድመቴ ነገ ጥርስ ይነቀልላታል። እዚህ ለድመት ተብሎ የተሠራ ማስታገሻ ፋርማሲ ውስጥ አላገኘሁም። ፓራሲታሞል ሩብ ክኒን ብሰጣትስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም አይስጡ። የ500 ሚሊግራም ክኒን ሩብ 125 ሚሊግራም ነው፤ ለ4 ኪሎ ድመት በኪሎ 31 ሚሊግራም ይሆናል። በኪሎ 10 ሚሊግራም የወሰዱ ድመቶች ተመርዘው ያውቃሉ። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር አጣብቆ በሽንት የሚያስወጣበት ኤንዛይም አለው፤ ድመት ይህ በቂ የላትም። የቀረው ወደ መርዝ ይለወጥና ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያበላሻል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በሰዓታት ውስጥ ድዷ ቡናማ ወይም ግራጫ ይሆናል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ፊቷና መዳፎቿ ያብጣሉ። ማርከሻው አሴቲልሲስቴን ሲሆን የሚሰጠው ሐኪም ነው። ወተት ማጠጣት መርዙን አያረክሰውም፤ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ደግሞ ሌላ መርዝ መጨመር ነው። ከፓራሲታሞል የተሻለ መስሏቸው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚሰጡም አሉ፤ እነሱ ደግሞ ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይመታሉ።

ነገ ድመቷን ከማስረከብዎ በፊት ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ከሰመመኑ በተጨማሪ የመንጋጋዋን ነርቭ ቡፒቫኬይን የሚባል ማደንዘዣ ይወጋላት እንደሆነ፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ስለሚያደነዝዝ የመጀመሪያውን ማታ ያሳልፍላታል። ሁለተኛ፣ ከመውጣቷ በፊት ምን ማስታገሻ እንደምትወጋ። ሦስተኛ፣ በአፍ የሚሰጥ ነገር ከሌለ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት ለመርፌ ይዘዋት መመለስ ይችሉ እንደሆነ። ማመላለሱ ቢያደክምም ከሰው መድኃኒት ይሻላል። ለከብት የተሠራ ሜሎክሲካም በሲሪንጅ ቀድቶ የሚሰጥዎት ሰው ካለ ግን አይቀበሉ። የከብቱ በ1 ሚሊ 20 ሚሊግራም ይይዛል፤ ለ4 ኪሎ ድመት መነሻው 0.8 ሚሊግራም ስለሆነ 0.04 ሚሊ፣ አንድ ጠብታ ያህል ነው። ያንን ማንም በዓይኑ አይለካም።

አፏ እያመማት የነከሰችዎት እንደሆነ፣ በተለይ ያልተከተበችና ውጭ የምትውል ከሆነች፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል።

ጥያቄ፦ ለሕመሟ ጋባፔንቲን 50 ሚሊግራምና ክሊንዳማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ካፕሱል ታዘዘላት። ጋባፔንቲኑን ስሰጣት የኋላ እግሮቿ ይተሳሰራሉ። (ከአሽዶድ)

መልስ፦ መንገዳገዱ የሚጠበቅ ነው፤ ደረጃና ከፍ ያለ ቦታ ይከልክሏት፣ ጠርዙ ዝቅ ያለ የአሸዋ ሳጥን ያቅርቡላት። ጨርሶ መቆም ካቃታት ወይም የኩላሊት ችግር ካለባት መጠኑ መቀነስ ስላለበት ይደውሉ። የጋባፔንቲኑ ካፕሱል ሊከፈትና ዱቄቱ በጥቂት የጣሳ ምግብ ሊለወስ ይችላል፤ መራራ ስለሆነ ሙሉ ምግቧ ላይ አይበትኑት፣ ምግቡን ራሱን ትጠላዋለች። ክሊንዳማይሲኑ ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ በደረቁ ከተዋጠ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላታል። ሁልጊዜ ከኋላው በሲሪንጅ 5 ሚሊ ያህል ውሃ በጉንጯ በኩል ቀስ እያሉ ያስከትሉለት።

ጥያቄ፦ የማትናገር እንስሳ ሕመሟ እንደበረደ በምን ይታወቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ፊቷን ያንብቡ። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ያሳተሙት መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ጆሮዋ ወደ ውጭ ዞሮ መተኛቱን፣ ዓይኗ መጨፈኑን፣ አፍንጫና አፏ ዙሪያ መወጠሩን፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት መሳቡን፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች መውረዱን። ለእያንዳንዱ ምልክቱ ከሌለ 0፣ በመጠኑ ካለ 1፣ በግልጽ ከታየ 2 ይስጡ፤ ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ተኝታ፣ እየበላች ወይም ራሷን እየላሰች ሳለ አይለኩ።

ከፊቷ ቀጥሎ ሳህኗን ይዩ። ለብ ያለ ለስላሳ ምግብ አቅርበውላት 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ይደውሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን የጾመች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይሞላል። ደረቅ ምግብ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ አይሰጣት። ስፌቱ ራሱ የሚሟሟ ስለሆነ ክር ተንጠልጥሎ ቢያዩም አይጎትቱት፤ ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ያየዋል።